ያልደገመ አልሰማም

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ጡረታ ወጥቼ ቴፒ ከተቀመጥኩ ወዲህ የሚደውልልኝ ወይ የዕድራችን ጸሐፊ ነው ወይ ቁጥር የተሳሳተ ሰው፤ ስለዚህ በየትኛውም ላይ ለመቆጣት ተዘጋጅቼ አነሣሁት።

«መቲ፣ መቲ፣ ጋምቤላ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ የሚናገር የወንድ ድምፅ።

የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። መቲ ስሜ አይደለም። መቲ በጎደሬ ወረዳ፣ በቡናና በጫካ መሀል ያለች፣ እኔ በጤና ረዳትነት ወጣትነቴን የጨረስኩባት ከተማ ናት። በዚህ ስም የምትጠራኝ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ድምፁ ግን የእሷ አይደለም።

«ኡማን ነኝ፣ የአሪያት ልጅ። እናቴ ሐሙስ ሞተች። አልተሠቃየችም። እኔ መድኃኒቴን ውጫለሁ። ድገም።»

ድገም ነው ያለኝ። እኔ ግን ደንግጬ «ወይኔ አሪያት! እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፣ ነፍስ ይማር፣ ምን ነካት?» እያልኩ ለቅሶ ቤት የሚባለውን ሁሉ ደረደርኩ። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«አልደገምክም» አለኝና ዘጋው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አሪያትን ሳስብ ሰነበትኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አነጋግሬአታለሁ፤ ፊቷን ያየሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። በወጣትነቴ፣ ሰው ያላየውን ሰው ይህን ያህል ይወድዳል ብሎ የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር።

ጋምቤላ ገና ክልል የሆነበት ጊዜ ነበር። የድሮው ማኅተም ተሰብስቦ የአዲሱ ቀለም ያልደረቀበት፣ ቢሮው ተከፍቶ ወንበሩ ያልደረሰበት ጊዜ። ከመቲ ጋምቤላ በስልክ መነጋገር ዘበት ነው፤ መንገዱም ክረምት ከገባ በእግዜር እጅ ነው። የነበረን የሬዲዮ መገናኛ ብቻ ነበር፤ በየጤና ጣቢያው አንድ አንድ፣ በፀሐይ በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋምቤላ ያለው ዋናው ጣቢያ ይጠራናል፤ ኢታንግ፣ አቦቦ፣ መቲ እያልን በተራ የወባውን፣ የተቅማጡን፣ የኩፍኙን ቁጥር እንናገራለን።

ይህን ሬዲዮ ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። እንደ ስልክ አይደለም። ለመናገር በመናገሪያው ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ፤ እሱን እስክትለቅ ድረስ የማንንም ድምፅ አትሰማም። አንተ ስትናገር ደግሞ በየጣቢያው ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ይሰማሃል። ምሥጢር የሚባል ነገር የለውም። ቃሉን የጨረሰ «ኦቨር» ብሎ ተራውን ለሌላው ይለቃል።

አሪያት የጋምቤላው ጣቢያ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበረች። አኙዋ ናት፤ አማርኛን የለቀመችው ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው። አጭር አጭር አድርጋ ትናገራለች፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር ደግሞ አታውቅም። የወረዳው አስተዳዳሪም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳም፣ ተላላኪውም ለእሷ «አንተ» ነው። የባትሪ ነገር ሲነሣባት ደግሞ አበሳ ነው። እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ሰላምታ ሳላበዛ ወሬ አልጀምርም። «እንደምን አደርሽ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ?» ማለት ስጀምር፣

«መቲ፣ ሰላም ባትሪ ይበላል። ወባ ስንት? ኦቨር» ትለኛለች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ጠላኋት። ከተቀጠርኩ ወር አልሞላኝም፤ አንድ ጠዋት «የኩፍኝ ክትባት ማክሰኞ ይመጣል። እናቶች ሰብስብ። ድገም» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ድገም።»

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ!»

«ያልደገመ አልሰማም። ኦቨር።»

ተናድጄ «እሺ፣ የኩፍኝ ክትባት ሐሙስ ይመጣል፣ እናቶች እሰበስባለሁ!» አልኩ። ከኢታንግ ጣቢያ የሰው ሳቅ ተሰማ። አሪያት አልሳቀችም። «ማክሰኞ» አለች፣ እንደገና አስደገመችኝ፣ ወደ አቦቦ አለፈች። ከዚያ ቀን በኋላ ሳልደግም የተቀበልኩት መልእክት የለም፤ እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ።

አሁን ወደ ጋሽ ይማም ልምጣ፤ ያለ እሳቸው አሪያት የቁጥር ተቀባይ ብቻ ሆና ትቀር ነበር።

ጋሽ ይማም በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬ ናቸው። ከመቲ ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ቡናና በቆሎ አላቸው። ዝምተኛ፣ ቁጥብ፣ ወባ ሲይዛቸው እንኳ «ትንሽ በረደኝ» የሚሉ ሰው። አንድ ጠዋት ሪፖርቴን ጨርሼ መናገሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና እንደ ልማዴ የሕሙማኑን መዝገብ ላዩ ላይ ጣል አደረግሁት። መዝገባችን የመስኮት መዝጊያ ያህላል። ወዲያው ጋሽ ይማም ገቡ።

«ዶክተር፣ የእንቅልፍ ኪኒን ትሰጠኛለህ?»

ዶክተር አይደለሁም ብዬ መከራከር ከተውኩ ቆይቻለሁ። «ለማን ነው ጋሽ ይማም?»

«ለእኔ።» ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያዞሩት ቆዩ። «ልጄን አስሬዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የወጣውን ቃል እሳቸው ራሳቸው ያሰቡት አይመስለኝም። ሰይድ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ነበር። ባለፈው ክረምት የማይታይ ሰው ያናግረው ጀመር። ከዚያ ምግብ ተመርዟል አለ፣ ከዚያ የጎረቤት ሣር ቤት ላይ እሳት ሊለኩስ ሲል ያዙት። ሼሁም አዩት፣ ዱዓም ተደረገ። በመጨረሻ ቡና የሚከማችበት ቤት ውስጥ ከምሰሶው ጋር በጠፍር አሰሩት። ሦስት ወር ሆነው።

«እናቱ ታለቅሳለች። እኔ አላለቅስም፣ ወላሂ። ግን ቡና ስለቅም እጄ ይንቀጠቀጣል። ምሳውን ሳበላው በጨቅላነቱ እንዳጎረስኩት ነው የማጎርሰው፤ አፉን ይከፍታል፣ ዓይኔን ግን አያየኝም። ለማንም አልተናገርኩም ዶክተር። ጎረቤት ዘመድ ጋ ሄዷል ነው የሚለው። እኔው ነኝ እንደዚያ ያልኩት።»

ልጽፍ ብዬ መዝገቡን ሳነሣ የሬዲዮዋን ቀይ መብራት አየሁ። በርታለች። በመዝገቡ ክብደት ቁልፉ ተጭኖ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ የሰውየው ገመና ከመቲ እስከ ኢታንግ ሲሰማ ቆይቷል። እኛ በአየር ላይ ስለሆንን ሰው «ዝጉ!» ብሎ ቢጮህብን እንኳ አንሰማም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ውሸት አልቻልኩም፤ ነገርኳቸው።

ጋሽ ይማም ተነሡ። ፊታቸው አመድ ሆነ። «አጋለጥከኝ» አሉኝ። «አንተን አምኜ ነበር እኮ።» በሩ ላይ ሲደርሱ ከሬዲዮዋ ድምፅ ወጣ።

«መቲ፣ መቲ፣ ጋምቤላ። የመቲ አባት መልእክት ተቀብዬአለሁ። እደግማለሁ።»

በሩን እንደያዙ ቆሙ።

«ልጅ ሰይድ ይባላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አንደኛ ይወጣ ነበር። ድምፅ መስማት ጀመረ። አባት በጠፍር አሰረ። ሦስት ወር። እናት ታለቅሳለች፣ አባት አያለቅስም። ቡና ሲለቅም እጁ ይንቀጠቀጣል። ምሳ ያጎርሳል፣ ልጅ ዓይኑን አያይም። ልክ ነው? ኦቨር።»

አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም። አልመከረችም፣ አላዘነችም። ጋሽ ይማም ወደ ግድግዳው ዞረው «ልክ ነው» አሉ።

«እዚህ ሆነው ቢሉት አትሰማም» አልኳቸውና መናገሪያውን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ጋምቤላ ድረስ በጉሮሯቸው ሊያደርሱት ፈልገው ይመስለኛል፣ ጮኸው «ልክ ነው!» አሉ።

«የእኔ ልጅ ኡማን ይባላል» አለች አሪያት። «ሃያ አንድ ዓመት። እኔም አሰርኩ። አሁን ፈትቻለሁ። ኦቨር።»

እኔ በየቀኑ የማነጋግራት ሰው ልጅ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። ስለ ወባ ብቻ ነዋ የምናወራው።

ጋሽ ይማም መናገሪያውን ትኩር ብለው አዩት። «እንዴት አድርገሽ ፈታሽው?»

«ቀስ ብዬ» አለች።

ይህ እንግዲህ ማንም ያላቀደው የቅዳሜው ጉባኤያችን መጀመሪያ ነው። ያን ቀን ከኢታንግም አንዲት የኑዌር እናት ሰምታ ኖሯል፤ ኛዳክ ትባላለች፣ ሴት ልጇ ታማ ለመርፌ አምጥታት ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ ነበር። «እኔም ልናገር» አለች፣ የኢታንጉ ነርስ እያስተረጎመ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሪፖርቱ ሲያልቅ ሬዲዮው ሃያ ደቂቃ የእነዚህ ሦስት ወላጆች ሆነ፤ ሃያ ደቂቃ ለባትሪ ከምትሳሳ ሴት ቀላል ስጦታ አይደለም። ሕጉ የአሪያት ነው፤ የሌላውን ቃል ሳትደግም የራስህን አትናገርም። በዚያ ሰሞን በአኙዋና በኑዌር መሀል ነገር ከርሮ፣ ገበያ ላይ እንኳ ሰው ጎን ለጎን የማይቆምበት ጊዜ ነበር። አሪያት ግን የኛዳክን ቃል አንድ በአንድ ትደግማለች፤ ኛዳክም የአሪያትን። ያንን እየሰማሁ ስንት ቀን እንባዬን እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የሰይድ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ጅማ የአእምሮ ሐኪም አለ፤ መላኪያ ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ። ግን የታሰረ ሰው የሚጭን ሾፌር የለም፤ ጋሽ ይማምም «ልጄን እንደ በግ ጠፍሬ በሰው ፊት መኪና ላይ አልጭንም» አሉ። ስለዚህ ሰይድ መታከም ካለበት መጀመሪያ መፈታት አለበት። አሪያትን ጠየቋት።

«ሁሉን አንድ ቀን አትፍታ» አለቻቸው። «ለምሳ ቀኝ እጅ ፍታ። አንተም አብረህ ብላ። ቅዳሜ ሪፖርት አድርግ። ድገም።»

«ለምሳ ቀኝ እጁን እፈታለሁ፣ አብሬው እበላለሁ፣ ቅዳሜ እነግርሻለሁ።»

በቅዳሜው መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና እኔ የወባ ቁጥር በምናገርበት ድምፅ «ጋምቤላ፣ መቲ። ቀኝ እጅ ተፈትቷል። አራት ጉርሻ በራሱ በላ፣ አምስተኛውን ወረወረብኝ። ኦቨር» አሉ። አሪያት ደገመችው፤ አምስተኛዋን ጉርሻም ሳታስቀር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግራ እጅ። በሦስተኛው አንድ እግር፣ ጠዋት ብቻ። ሌሎች ጣቢያዎችም መጠበቅ ጀመሩ። የአቦቦው ነርስ ከልጆቹ ልደት ይልቅ የሰይድን እግር የሚቆጥር ይመስል፣ ዓርብ ሲሆን «ስንተኛው ላይ ደረሰ?» ይለኛል።

በዚህ መሀል ጋምቤላ አዲስ አለቃ መጣ። የመንግሥት ሬዲዮ የቤት ወሬ አያወራም፣ ከበሽታ ሪፖርት በቀር ምንም እንዳይተላለፍ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። አሪያት አልተከራከረችም። የሪፖርት ቅጹን አወጣች፤ ወባ፣ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ ከሚለው ቀጥላ በማስመሪያ አንድ መስመር ጨመረችና «የራስ በሽታ» ብላ ጻፈችበት። አለቃው ቅጹን አንሥቶ «ይህን ማን ጨመረ?» ሲል፣ «በሽታ ጨመረ። እኔ መስመር ብቻ» አለችው። ሰውየው ለአፍታ አሰበና ፈረመበት ይባላል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሰይድ እግር በሕጋዊ መንገድ ሪፖርት ይደረግ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ተበላሸ። ሰይድ ሁለት እጁና አንድ እግሩ ተፈትቶ ሳለ የቀረውን ራሱ በጥሶ ወጣ። ጎረቤት ጓሮ ገብቶ ሦስት የንብ ቀፎ ሰባበረ፤ ጎረቤቱ ገጀራ ይዞ መጣ፤ መንደሩ ተሸበረ። ጋሽ ይማም ልጃቸውን መልሰው በእጥፍ አሰሩት። ቅዳሜ ሲደርስ አልመጡም።

«የመቲ አባት የት አለ? ኦቨር» አለች አሪያት።

የሆነውን ነገርኳት። ደገመችው። 

ኢታንግ ገባ። «ኛዳክ እንዲህ ትላለች፤ የእኔም ልጅ ያለፈው ወር የጎረቤት ጎጆ አፈረሰች። ጎጆ ተመልሶ ይሠራል፣ ልጅ ግን አይሠራም ትላለች።»

አሪያት የኛዳክን ደገመች። ቀጥላም፣ «የመቲ አባት የለም። ግን እናገራለሁ» አለች። «እኔ ኡማንን አራት ጊዜ አሰርኩ፣ አራት ጊዜ ፈታሁ። ገመድ ሰለቸ። እኔ አልሰለቸሁም። ኦቨር።»

ልደግም ቁልፉን ልጫን ስል፣ ከመስኮቱ ሥር «ቆይ ዶክተር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ይማም ለካ መምጣቱን መጥተዋል፤ ለመግባት አፍረው ውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ ብለው ሲያዳምጡ ኖረዋል። በበሩ መዞር እንኳ አልፈለጉም። በመስኮቱ ክንዳቸውን አስገብተው መናገሪያውን ተቀበሉኝ።

«አራት ጊዜ አሰርሽ፣ አራት ጊዜ ፈታሽ» አሉ። «ገመዱ ሰለቸ። አንቺ አልሰለቸሽም።» አላለቅስም ያሉት ሰው ከዚህ በላይ መናገር አልቻሉም። መናገሪያውን መልሰው ሰጡኝና ሄዱ። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ የሰይድን ቀኝ እጅ ፈቱ፣ እንደ መጀመሪያው፣ ለምሳ ብቻ።

ከሁለት ወር በኋላ ሰይድና አባቱ ቡና በጫነ መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው፣ በቴፒ አድርገው ጅማ ወረዱ። ሰይድ አልታሰረም፤ ጋሽ ይማም መንገዱን ሙሉ እጁን ይዘውት እንደሄዱ ሾፌሩ ነግሮኛል። ሦስት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በወር አንድ መርፌ እኔ ነኝ የምወጋው። ድምፆቹ ፈጽመው አልጠፉም፤ ግን ራቁ ይላል።

በተመለሱበት ቅዳሜ ሰይድ ራሱ መጣ። ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም፣ የእጅ አንጓው ላይ የጠፍሩ ጠባሳ ያለበት ልጅ። መናገሪያውን ሰጠሁት። ብዙ ካመነታ በኋላ «ጋምቤላ፣ ሰይድ ነኝ» አለ። «ምሳዬን በሁለት እጄ በላሁ። ኦቨር።»

 የአሪያት ድምፅ መጣ።

«ሰይድ በሁለት እጁ በላ። በሁለት እጁ በላ።»

ሰላምታ ባትሪ ይበላል የምትል ሴት ሁለት ጊዜ ደገመች። ያኔ ነው እንደምወዳት ያወቅሁት፤ ምን እደብቃለሁ።

ፊቷን ያየሁት በዓመቱ ለስብሰባ ጋምቤላ ስወርድ ነው። ጋሽ ይማም «ይህን ለዚያች እናት ስጥልኝ» ብለው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አስያዙኝ። በድምፅዋ ግዙፍ ሴት ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት ትከሻዬ ላይ የማትደርስ፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ የሰካች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ነው። «መቲ!» አለችኝ፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ «አጭር ነህ። በሬዲዮ ረጅም ነበርክ።» እሷም እንደ እኔ ስታስብ ኖራለች ማለት ነው።

ኡማን በሩ አጠገብ፣ በሸሚዙ እጅጌ የፀሐይ መሙያውን መስተዋት ይወለውላል። «ሰላም ነህ ወይ ኡማን?» ስለው «ሰላም ነህ ወይ አልከኝ» አለ። ትንሽ ቆየና «ዛሬ ሰላም ነኝ» አለ።

ምሳ የባሮ ዓሣ በልተን፣ ለምን እንደዚያ በመድገም ሰው እንደምታሠቃይ ጠየቅኋት። በቀልድ ነበር የጠየቅሁት። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ኡማን ታመመ። 'እማ፣ ወንዝ ውስጥ ሰው ይጠራኛል' አለ። 'ዝም በል' አልኩ። ሁለተኛ ቀን አለ። 'ዝም በል' አልኩ። ሦስተኛ ቀን አለ። ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ሰዓት ደርሷል፣ መልስ አልሰጠሁም።» እርሳሱን ከፀጉሯ አወጣች፣ መልሳ ሰካችው። «ባሮ ሞልቶ ነበር። ገባ። ዓሣ አጥማጅ አወጣ። ያን ቀን ጠዋት ቢሮ የሁሉን ቃል ደገምኩ፤ የኢታንግ፣ የአቦቦ። የልጄን አልደገምኩም።»

 እሷ ያስተማረችኝ ትዝ አለኝና ደገምኩላት፤ ሦስት ቀን እንደነገራት፣ ሰዓት እንደደረሰባት፣ ባሮ እንደሞላ። «ልክ ነው?» አልኳት። «ልክ ነው» አለችኝ፣ ትከሻዋም ዝቅ አለ።

ከዚያ ጥቅሉን ሰጠኋት። ፈታችው። የሰይድ ጠፍር ነበር፤ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን። ለረጅም ጊዜ ጭኗ ላይ አድርጋ አሻሸችው። ልትጥለው ወይም ልትሰቅለው ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ኡማንን ጠራችው። የሬዲዮው አንቴና የተሰቀለበት እንጨት ነፋስ ሲነሣ እየተወዛወዘ ድምፃችንን ያቆራርጥ ነበር። ኡማን ወንበር ላይ ወጣና እንጨቱን ከጣሪያው ማገር ጋር በጠፍሩ ጥርቅም አድርጎ አሰረው።

«አሁን መቲ ጥሩ ይሰማል» አለች አሪያት። እውነትም ከዚያ ወዲህ ጥራት ነበረው።

ዘመኑ ሄደ። ስልክ ገባ፣ ሬዲዮዎቹ መጋዘን ገቡ፣ እሷም ስልክ ቁጥሬን ይዛ ጡረታ ወጣች። ጋሽ ይማም አርጅተው በልጃቸው እጅ ነው ያረፉት። ሰይድ ዛሬም በወር መርፌውን ይወጋል፤ የቡና ችግኝ አፍልቶ ይሸጣል፤ ቀን ሲከፋበት ራሱ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ዛሬ ድምፁ ቀርቧል» ይላል እንጂ አይደበቅም።

አሁን ደግሞ የታመሙ ልጆች ወላጆች የስልክ ቡድን አላቸው፤ ጎረቤቴ የሆነች ወጣት እናት አስገባችኝ። አንዷ «ልጄ ዛሬ መስኮት ሰበረ» ብላ ትጽፋለች፤ ሰው ሁሉ ተሸቀዳድሞ ጸበል፣ ዱዓ፣ ቅጠል፣ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ይመክራታል። የጻፈችውን ያነበበ መኖሩን እንጃ። እኔ ሽማግሌው በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ «ልጅሽ መስኮት ሰበረ፣ እጁ ደማ፣ አንቺ ፈርተሻል። ልክ ነው?» ብዬ እልካለሁ። መጀመሪያ ላይ ማሽን ነው የሚመልሰው ብለው አሙኝ። አሁን አሁን ግን ሌሎቹም ከምክራቸው በፊት «ልክ ነው?» ማለት ጀምረዋል። አሪያት የማታውቃቸው፣ እሷንም የማያውቋት ሰዎች።

ዛሬ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ወደዚያ ቁጥር ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠራና ተነሣ። እንድደግምለት ይጠብቃል።

«ጋምቤላ፣ ጋምቤላ፣ መቲ ነኝ» አልኩ። «መልእክትህ ደርሶኛል። እደግማለሁ። እናትህ አሪያት...» ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ።  «እናትህ አሪያት ሐሙስ ሞተች። አልተሠቃየችም። አንተ መድኃኒትህን ውጠሃል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለ ኡማን።

የሚዘጋው መስሎኝ ነበር፤ አልዘጋውም። ትንፋሹ ይሰማኛል። የእኔም ይሰማው ነበር ማለት ነው።

«መቲ ያለቅሳል» አለ፣ እንደ እናቱ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ። «ልክ ነው? ኦቨር።»

«ልክ ነው» አልኩት።